ጋሽ ሸምሱ ያሰሯቸው ጥዶች

ባለፈው ቅዳሜ መጋረጃ ልገዛ መሳለሚያ ወርጄ አንድ አሮጌ ቤት ሲፈርስ ደረስኩ። ቆርቆሮው ተገፏል፣ ጭቃው ወርዷል፣ የቀሩት ቋሚዎቹ ብቻ ናቸው። ሁለት ጎረምሶች አንዱን ቋሚ መሬት ላይ አጋድመው በመጋዝ ይቆርጡታል። ከላይ በጥላሸት የጠቆረ፣ ማገዶ እንኳን የሚሆን የማይመስል እንጨት ነው። መጋዙ ውስጡ ሲገባ ግን ዱቄቱ ቀይ ሆኖ ወጣ፣ ሽታውም ተከትሎት መጣ። ጥድ ነበር። ስንት ዓመት ጭቃ ውስጥ ኖሮ ሽታው ንቅንቅ አላለም። መንገድ መሃል ተገትሬ ሽታውን ስስብ ከኋላዬ አንድ ተሸካሚ "እናት፣ ዞር በይ እንጂ! እዚህ ነው እንዴ የሚታሰበው?" አለኝ። ዞር አልኩ፤ ሐሳቤ ግን ጋሽ ሸምሱ ጋ ደርሶ ነበር።

የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ሰኔ ሲጋመስ እማዬ ኮምቦልቻ ሄደች። "እናቷን አሟት ነው" ተባልኩ። በጠዋት ቀሰቀሰችኝና ሁለቴ ሳመችኝ። አንዲት ቦርሳና ጃንጥላ ይዛ ወጣች። አባዬ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ በአጠገቡ ስታልፍ ቀና ብላ አላየችውም። ዝናብ ስለሚዘንብ ነው ብዬ አለፍኩት።

አባዬ ጭድ ተራ አጠገብ ሸራ ይሸጣል። የጭነት መኪና የሚለብሰውን፣ ድንኳን የሚሆነውን፣ ሁሉንም ዓይነት። የሸራውን ጫፍ እያጠፈች የምትሰፋው እማዬ ነበረች። ቤታችን አንድ ክፍል ስለነበር ግማሹን ሸራ፣ ግማሹን እኛ እንይዘዋለን። እማዬን ሳስታውሳት መልኳ ሳይሆን ጀርባዋ ነው የሚመጣብኝ፤ ሁሌ ስፌት መኪናው ላይ ጎንበስ እንዳለች ናት። እሷ ከሄደች በኋላ አባዬ መኪናውን በሸራ ሸፈነው። ማታ ይመጣል፣ ይበላል፣ ይተኛል። ካናገርኩት ይመልስልኛል፤ ካላናገርኩት ዝም ነው።

የአባዬ እህት አክስቴ ሩቂያ በየጠዋቱ መጥታ ምሳዬን ሠርታ፣ ሳህን ደፍታበት ትሄድ ነበር። የራሷ ስድስት ልጆች ስለነበሯት ተቀምጣ የማታውቅ ሴት ናት። "በሩን ከውስጥ ቀርቅሪ። ማንም ቢያንኳኳ እንዳትከፍቺ" ትለኛለች። እቀረቅራለሁ። ማንም አያንኳኳም። የግቢው ልጆች ትምህርት ሲዘጋ አገር ቤት ይላካሉ፤ ክረምት ሲገባ ግቢው የሽማግሌና የድመት ይሆናል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ብቻዬን አልጋ ላይ ተቀምጬ ሆዴን እይዛለሁ። ብቸኝነት የሚባል ነገር መኖሩን አላውቅም ነበር። ሆዴን የሚያመኝ ነበር የሚመስለኝ፤ ለአክስቴም እንደዚያው ነግሬያት ዳማከሴ አሽታ አጠጣችኝ። ምርር ያለ ነው፤ ሆዴ ግን አልተሻለውም።

አንድ ቀን ሲሰለቸኝ ትእዛዙን ጥሼ ወጣሁ። የግቢው መግቢያ ላይ ጋሽ ሸምሱ የሚባሉ ዲናሞ ጠቅላይ ነበሩ። የወፍጮ፣ የውሃ መሳቢያ፣ የጁስ ቤት የተቃጠለ ዲናሞ ሁሉ እሳቸው ጋ ይመጣል። ሞርሳ ላይ ያስነክሱትና የነደደውን ሽቦ ጎልጉለው አውጥተው አዲስ ይጠቀልሉለታል። ሚስታቸው ሞታለች። ስለ ልጆቻቸው ስጠይቃቸው "ሁሉም ትልልቅ ሆነዋል" አሉኝ። እኔ ቁመታቸው መሰለኝ። እዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ መግባት ያቃታቸው፣ በር ላይ ጎንበስ ብለው ሰላም ብለው የሚሄዱ ረጃጅም ሰዎች ታዩኝ። ለዚህም ነው ትንንሽ ዛፍ የሚያሳድጉት ብዬ ደመደምኩ።

ዛፎቹ ከሱቃቸው ጎን፣ ከአጥሩ ጋር በተገጠመ ጣውላ ላይ ተደርድረዋል። አንዱ በተቆረጠ የዘይት ጣሳ፣ አንዱ ቀለሙ በተላጠ የቆርቆሮ ሳህን፣ አንዱ ጆሮው በወለቀ ድስት ነው የተተከለው። ሁሉም የሐበሻ ጥድ ናቸው። ከእኔ ክንድ የሚረዝም የለባቸውም። ግንዳቸው ግን ያረጀ ሰው እጅ ይመስላል። የመጀመሪያውን ጋሽ ሸምሱ ያገኙት የገዛ ጣሪያቸው አሸንዳ ውስጥ ነው፤ ወፍ ጥሎት፣ ቅጠልና አቧራ ላይ በቅሎ፣ ስንት ዓመት ሳያድግ ኖሮ። አሸንዳ ሊጠርጉ ወጥተው፣ ሊነቅሉት ይዘውት፣ አንጀታቸው አልችል ብሎ በጣሳ አወረዱት። በኋላ ደግሞ ከአንድ የመኪና ዕቃ መደብር የታደለ የግድግዳ ካላንደር እጃቸው ገባ። በየወሩ ሥዕል አንድ አንድ ድንክ ዛፍ ነበረበት፤ ጃፓኖች በሰፌድ መሳይ ሳህን ላይ አጎንብሰው የሚያሳድጉት። ዓመቱ አልፎም ካላንደሩ ከሞርሳው በላይ ተሰቅሎ ቀረ። "እነሱ ከቻሉ እኛ ምን ከልክሎን?" ብለው ጀመሩ።

በር ላይ ድንችና ሽንኩርት የምትሸጠው እትዬ አስካለ ሳትለክፋቸው አትውልም።

"ጋሽ ሸምሱ! ይኼ ጥድ መቼ ነው አድጎ ጥላ የሚሆነን?"

"ጉንዳኖቹ እኮ ጥላው ሥር ከተቀመጡ ቆዩ፤ ቦታ የለም። ተራሽን ጠብቂ።"

ያን ቀን ወደ ዛፎቹ ጠጋ ብዬ አንዱን ነካሁትና እጄን ሰበሰብኩ። ይወጋል። የጥድ ቅጠል ልጅ ሳለ መርፌ ነው፤ ሲያድግ ይለሰልስና ቅርንጫፉ ላይ ይተኛል። የጋሽ ሸምሱ ጥዶች ጫፋቸው እየተቀነጠበ ስለሚኖር መርፌያቸውን ጨርሰው አልጣሉም። ሽማግሌ ግንድ ላይ የሕፃን ቅጠል ነው ያላቸው። ከዚያ ደግሞ ሌላ ነገር አየሁ። ቅርንጫፎቻቸው ከሥር እስከ ጫፍ በመዳብ ሽቦ ተጠምጥመዋል። ከተቃጠለ ዲናሞ የወጣ ሽቦ ነው።

"ጋሽ ሸምሱ፣ ምን አጥፍቶ ነው የታሰረው?" አልኳቸው።

መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው አዩኝ። "ምንም አላጠፋም፤ ኧረ ጨዋ ነው።"

"ታዲያ ለምን አሰሩት?"

"ጎንበስ ማለት እንዲለምድ ነዋ። ዝም ካልሽው ሽቅብ ነው የሚሮጠው። ሽቦው እንዲህ ወደ ታች ይዞ ያቆየዋል።"

"መቼ ይፈታል?"

"ሲለምድ። ፈተሽው ባለበት ከቀረ ለምዷል። ተመልሶ ከተነሳ ግን ገና ነው ማለት ነው፤ እንደገና ይታሰራል።" ከዚያ ወደ ክፍላችን በር አየት አድርገው፣ "አንቺ ሥራ ፈት ነሽ?" አሉኝ።

"አዎ።"

"እንግዲያው ሥራ ልስጥሽ። በክረምት ቅርንጫፉ ቶሎ ይወፍራል። ሽቦው ቆዳው ውስጥ መስመጥ ከጀመረ ጠባሳ ይተዋል፤ የባሰ እንደሆነም ያደርቀዋል። የኔ ዓይን ደክሟል። አንቺ በየቀኑ እያየሽ፣ 'ነከሰ' በይኝ።"

በዚህ ዓይነት የሽቦ ጠባቂ ሆንኩ። አክስቴ ሩቂያ ስትሰማ "ከዚያ የዛፍ አባት ጋር ምን አጣበቀሽ?" ብላ ጀምራ፣ ጋሽ ሸምሱ የወጥ ቤት መፍጫዋን በነፃ ሲሠሩላት ነገሩን ተወችው።

ጠዋት ጠዋት ሳህኔን አጥቤ እወጣለሁ። ዛፎቹን አንድ በአንድ፣ አፍንጫዬ መርፌው ላይ እስኪደርስ ተጠግቼ አያለሁ። ጫፋቸውን በጣቴ ስቀነጥበው ሽታው እጄ ላይ ይቀራል፤ ማታ ተኝቼ እጄን አሸታለሁ። ለዛፎቹ ወሬም አወራላቸዋለሁ። ጋሽ ሸምሱ ይሰሙኛል፤ ግን እንዳልሰማ ሰው ሞርሳቸውን ያዞራሉ።

አንዴ ሳህን ልንፈልግ ምናለሽ ተራ ይዘውኝ ሄዱ። አሸንዳ ላይ ለተገኘው ለትልቁ ጥድ የሚሆን፣ ጠለቅ ያላለ ሳህን ነው የምንፈልገው። እጄን አንጓዬ ላይ አጥብቀው ይዘዋል። መርካቶ ውስጥ ልጅ እንዲህ ነው የሚያዘው፤ እኔ ግን እማዬ ከሄደች ወዲህ እጄን የያዘኝ ሰው እንዳልነበረ የታወቀኝ ያኔ ነው። ልቅሶ ልቅሶ አለኝ፤ ደስም አለኝ። ሻጩ ልጅ የጎደጎደ ሳህን ሲያነሳላቸው ጋሽ ሸምሱ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ጠፍጣፋ ነው የምፈልገው። ለዛፍ ነው።"

"ዛፍ በሳህን መብላት ጀመረ እንዴ ጋሼ?"

"እሱም ጀመረ። አንተ ግን እያወራህ ገበያህን ታባርራለህ።"

ሳህኑን ገዝተን ወጣን። ቀዳዳ በሚስማር በሱለት፤ ውሃ ካቆረ ሥሩ ይበሰብሳላ። ጡብ ወቅጠው ከአሸዋ ጋር ቀላቀሉና ተከሉት። እኔ ሥሩን ይዤ ነበር። ከቅጠሉ ይበልጥ ሥሩ ነበር የሚሸተው።

በዚያ ሰሞን እማዬ አባዬ ሱቅ ደወለች። አክስቴ ለብሳ፣ እኔንም አልብሳ ወሰደችኝ። አባዬ ስልኩን ሰጥቶኝ ወደ ውጭ ወጣ።

"እማዬ፣ መቼ ነው የምትመጪው?"

"እመጣለሁ፣ ዘሚዬ። ትንሽ ነገር ይዞኝ ነው።"

"ምን ያዘሽ?"

"ሲለቀኝ እመጣለሁ፤ እሺ? ጎበዝ ሁኚልኝ" አለችኝ።

ከሱቁ እስከ ግቢያችን "ይዞኝ" ያለችውን ሳገላብጥ መጣሁ። ጋሽ ሸምሱ ጋ እንደደረስኩ "ሰውም ይታሰራል?" አልኳቸው። አፋቸው ውስጥ ሽቦ ነበር፤ ካቻቢቴያቸውን እየፈለጉ "ሰውማ ይታሰራል፣ ይፈታል" አሉኝ፣ ሳያስቡት። ለእኔ በቂ ነበር። እማዬ ኮምቦልቻ ታስራለች። አጥፍታ አይደለም፣ እንድትለምድ ነው። ምን እንድትለምድ እንደሆነ አላውቅም፤ ሲፈቷት ግን ትመጣለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሆዴን የሚያመኝ ቀነሰ። የሚጠበቅ ነገር ሲኖር መጠበቅ ይቀላል።

ነሐሴ ውስጥ፣ ዝናቡ ፋታ በሰጠበት አንድ ጠዋት፣ የሳህኑ ጥድ ታችኛው ቅርንጫፍ ላይ ሽቦው ቆዳውን ቆንጠጥ አድርጎት አየሁ።

"ጋሽ ሸምሱ! ነከሰ! ነከሰ!"

ፒንሳቸውን ይዘው ሮጡ። ሽማግሌ ሲሮጥ ያየሁት ያኔ ነው። ሽቦውን ዞሮ ዞሮ እንዲፈታ ይጎትቱታል ብዬ ስጠብቅ፣ በየዙሩ በፒንሳ ጠቅ ጠቅ እያደረጉ ቆራረጡት። ከጎተቱት ቅርንጫፉ አብሮ ይሰበራል አሉኝ። ሽቦው ቁርጥራጭ ሆኖ መሬት ላይ ረገፈ። ሁለታችንም ትንፋሻችንን ውጠን ጠበቅን። ቅርንጫፉ እንደጎነበሰ ቀረ፣ ከቦታው አልተነቃነቀም።

"ለመደ!" አሉ ጋሽ ሸምሱ። "ይኼው ተፈታ። አየሽ፣ የትም አልሄደ።"

አጨበጨብኩ። እትዬ አስካለም የምን ሠርግ ነው ብላ አጨበጨበች። በዚያ ሳምንት የቀሩትንም ፈታን። ሁለቱ ግን ማታ ተፈትተው ጠዋት ሽቅብ ተነስተው ተገኙ። ጋሽ ሸምሱ ሳይቆጡ እንደገና አሰሯቸው።

አንድ ጠዋት ጥዶቹን እያየሁ አክስቴ ሩቂያና እትዬ አስካለ አጥሩ ማዶ ሲንሾካሾኩ ሰማሁ።

"ፈታት እኮ" አለች አክስቴ።

"ውይ! ምን ትያለሽ? መቼ?"

"ትላንት። ምስክርም ነበር። እንግዲህ አለቀ።"

ከዚያ በላይ አልጠበቅኩም። "እማዬ ተፈታች!" እያልኩ ግቢውን ዞርኩት። ቧንቧ ላይ ለተሰለፉት ነገርኩ። ለመጋዘኑ ዘበኛ ነገርኩ። ጆንያ ተሸክሞ ለሚያልፍ ለማላውቀው ሰውዬ ሳይቀር "እማዬ ተፈታች!" አልኩት፤ እሱም ከነሸክሙ ቆሞ አየኝ። እሰይ የሚለኝ ግን ጠፋ። አንዷ ሴትዮ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። አክስቴ መጥታ ክንዴን ይዛ "አንቺ ልጅ፣ ዝም በይ! ምን ጉድ ነሽ!" ብላ ጎተተችኝ። ሰው ምቀኛ ነው አልኩ በልቤ።

አምልጬ ጋሽ ሸምሱ ጋ ገባሁ። እሳቸው እንኳን ደስ ይላቸዋል። ስነግራቸው መበየጃቸውን አስቀመጡ።

"ማን ነገረሽ?"

"ሰምቼ ነው። አባዬ ነው የፈታት። ለምዳለች ማለት ነው አይደል?"

በርጩማ ሳቡልኝ። "ዘሚ፣ ነይ ቁጭ በይ እስቲ" አሉ። ቁጭ አልኩ። ጥዶቹን አዩ፣ ካላንደራቸውን አዩ። "ሰውና ዛፍ..." ብለው ጀመሩና ተዉት። መጨረሻ ላይ "እናትሽ ትመጣለች። መምጣቱንማ ትመጣለች፤ ግን..." አሉ። ግን ያሉትን አልሰማሁም። ተነስቼ ልብሴን ላዘጋጅ ሄጃለሁ።

እማዬ መስከረም ሲጠባ መጣች። የዒድ ቀሚሴን ለብሼ ከጠዋት ጀምሮ በር ላይ ተገትሬ ነበር። ከወንድሟ ጋር ነው የመጣችው። ከሩቅ ሳያት መጀመሪያ አላወቅኳትም። ቀጥ ብላ ትራመዳለች። ትከሻዋ ተዘርግቷል፣ አንገቷ ረዝሟል፤ እንዲህ ረጅም መሆኗን አላውቅም ነበር። አቀፈችኝ፤ ጭንቅላቴን ሳመችኝ፤ አለቀሰች፤ ሳቀች።

"ተፈታሽ አይደል?" አልኳት።

እጇ ጀርባዬ ላይ ቆመ። "ማን... አዎ" አለች ቀስ ብላ። "አዎ ዘሚዬ፣ ተፈታሁ።"

ከዚያ ወንድሟ ሳጥኗን ማውጣት ጀመረ። ቀጥሎ ፍራሿን። ቀጥሎ የስፌት መኪናውን ሸራ ገልጦ "ይኼስ?" አላት። እማዬ ቆም ብላ አየችው። "ይቅር" አለች። "እሱን ሁለተኛ ማየት አልፈልግም።"

እኔንም ይዛኝ የምትሄድ መስሎኝ ጫማዬን እያሰርኩ ነበር። ፊቴ ተንበረከከች። ትምህርትሽ እዚህ ነው አለችኝ። አባትሽ ብቻውን ምን ይሆናል አለችኝ። ለረፍት ትመጪያለሽ፣ አያትሽ ትናፍቅሻለች አለችኝ። ሁሉም ደግ ደግ ነገር ነበር፤ አንዱም ግን አልገባኝም። ስትወጣ በሩ ላይ ቆሜ እስከምትጠፋ አየኋት። አልጎነበሰችም። አባዬ ያን ቀን ከሱቁ አልመጣም ነበር።

ለማልቀስ ጊዜ አልነበረኝም። ምን እንደተፈጠረ አውቄው ነበር፤ ክረምቱን ሙሉ የተማርኩት እሱን አይደል? ተፈታች፣ ተመልሳ ተነሳች፣ ስለዚህ ገና ናት። ጋሽ ሸምሱ ጋ ገባሁ።

"እማዬን መልሶ ማሰር ይቻላል?"

የያዙት ዲናሞ ከእጃቸው ሊወድቅ ነበር። እሳቸው በዚህ ጉዳይ ልጅን መዋሸት አያውቁበትም፤ የተጠየቁትን እንዳለ መለሱ።

"የጋብቻውን ኒካ ማሰር ትያለሽ?" አሉ። "ጊዜው ካላለፈ፣ የፈታ ሰው መልሶ ማሰር ይችላል። ይቻላል። ግን የኔ ልጅ፣ እሱ የአባትሽና የእናትሽ ነገር ነው። በሽቦ..."

ይቻላል ብለዋል። የአባዬ ሥራ ነው ብለዋል። ሌላው ትርፍ ወሬ ነው። ከመሬቱ ላይ ረዘም ያለ፣ ወፈር ያለ ሽቦ መርጬ ሮጥኩ። "ዘሚ! ነይ እንጂ!" ሲሉ ይሰማኛል። በዒድ ቀሚሴ፣ በጭቃው መሃል፣ በጋሪውና በተሸካሚው ሥር እየሾለክሁ ጭድ ተራ ደረስኩ።

አባዬ ለአንድ ገበያተኛ ሸራ በክንዱ እየለካ ነበር። ሲያየኝ ደነገጠ።

"ምን ሆንሽ? ከማን ጋር መጣሽ?"

"አባዬ፣ እሰራት።"

"ማንን?"

"እማዬን። ጋሽ ሸምሱ ይቻላል ብለዋል። ይኸው ሽቦ፤ ወፍራሙን ነው ያመጣሁት፣ አይበጠስም።"

ገበያተኛው ሳቁ መጣበት፤ ከዚያ የአባዬን ፊት አይቶ ዋጠው። ሸራውን ቀስ ብሎ አስቀምጦ "በኋላ እመለሳለሁ" ብሎ ወጣ። አባዬ ጥቅሉ ላይ ቁጭ አለ። ሽቦውን ተቀበለኝ፤ ጣቱ ላይ አንዴ አዞረው፣ መልሶ ፈታው። አባቴ ሲያለቅስ አላየሁም፤ ያን ቀንም አላለቀሰም።

"እሷ እኮ ናት፣ ዘሚ" አለኝ። "ፍታኝ ያለችኝ እሷ ናት።"

ይህን አልተማርኩትም ነበር። ጥድ ፍቱኝ ሲል ሰምቼ አላውቅም። አባዬ በጠራራ ፀሐይ ሱቁን ዘጋ፤ ጎረቤቶቹ "ምነው፣ በሰላም?" ሲሉት "በሰላም ነው" አላቸው። አንጓዬን ያዘኝ። ወደ ግቢያችን ስንመለስ መሳለሚያ ታክሲ መያዣው ጋ ደረስን። እዚያ ረዳቶቹ ይጮሃሉ፣ ሰው ይገፋፋል፤ የአባዬ እጅ ግን አልለቀቀኝም። ቀና ብዬ አየሁት። ክረምቱን በሙሉ ዝም ያለው እኔን ጠልቶኝ ይመስለኝ ነበር።

"ፍታኝ ስትልህ ለምን እምቢ አላልካትም?" አልኩት።

ታክሲ እስኪያልፍ ጠበቀ።

"ብያታለሁ" አለኝ። "ክረምቱን ሙሉ።"